ነጩ የባሕር ሾርባ

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 23 ቀን 1958 ዓ.ም.

አርባ ሁለት ደብተር አረምኩ። ጣቶቼ በቀይ ቀለም ተጨማልቀዋል። ሦስተኛ ክፍሎች ማካፈልን እንደ ቅጣት ነው የሚያዩት... እኔስ በነሱ ዕድሜ ምን ነበርኩ?

ዝናቡ ጨርሶ አቁሟል። ኡማ ቡሽራ ግቢው ውስጥ በርበሬ አስጥተው ዶሮ ሲያባርሩ ዋሉ። ልጄ ሰዐዲያ አያቷን "ኡማ" ስትላቸው እኔም የገዛ አያቴ ይመስል ለመድኩት። አማቴ ናቸው ብል ማን ያምነኛል? ሌላ ሴት አማቷን ስታማ እኔ የማወራው አጣለሁ።

ባሌ ዐብዱሰመድ ከጅቡቲ ወደ ሐረር ተመለሰ። ለፈረስ መጋላው ሱቅ ሁለት ጥቅል የጃፓን ጨርቅ፣ ለሰዐዲያ ከረሜላ፣ ለእኔ ምንም። ግን ወሬ ይዞ መጥቷል። ጨርቁን የሚያስመጣለት ጃፓናዊ፣ ሚስተር ኦካዳ፣ ቤተሰብህን ይዘህ ና ብሎታል። ባሕሩን ሊያሳየን። ሚስቱም የሀገሯን ምግብ ልታበስልልን።

"ወደ ጅዳ የሚወስደውን ባሕር?" አሉ ኡማ፤ በርበሬውን ረሱት።

ዘንድሮ ሐጅ ሊሄዱ ነው። ለዓመታት የተመኙት። የሚፈሩት መርከቡን ብቻ ነው። አንድ ቀን ቀድሜ ባየው አልፈራውም አሉ። እንግዲህ ተቆረጠ፤ እንሄዳለን።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 25

ኡማ አንድ ነገር ብቻ ነው የጠየቁት። "ሥጋቸውን አልበላም፤ ማን እንዳረደው አላውቅም።"

"ዓሣ ነው እማ፣" አለ ዐብዱሰመድ።

"ዓሣ ከሆነማ ቢላ አይነካውም። ማንም ቢያበስለው ሐላል ነው።"

እውነታቸውን ነው። የዚህ ከተማ ሰው ሁሉ በዚህ ይተዳደራል። በለጡና እኔ አንድ ትምህርት ቤት ስምንት ዓመት አስተምረናል። ሥጋ ከአንድ ሳህን በልተን አናውቅም፤ የሷ የክርስቲያን፣ የእኔ የእስላም። የቆርቆሮ ሰርዲን ሲሆን ግን በመምህራን ክፍል እጃችን ዘይት በዘይት እስኪሆን እንበላለን። ከባሕር የወጣ ነገር የማንም አይደለም፤ ሁሉም ይበላዋል። ሌላ ምን የሚጠየቅ አለ?

ዓርብ፣ ኅዳር 3

ኡማ ጠዋት ሦስት ጊዜ ጠየቁኝ። ባሕር ያስመልሳል ወይ? እኔ ምን ዐውቄ... ያየሁት ካርታ ላይ ነው። አያስመልስም አልኩ።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 14

ትናንት ተመለስን። ዛሬ ሰሌዳው ፊት ቆሜ ወለሉ ይወዛወዝብኝ ነበር። ሳልረሳው ልጻፈው።

እሑድ ጠዋት ሚስተር ኦካዳ በኩባንያው ሞተር ጀልባ ወሰደን። አጭር፣ ጸጉሩ የሸበተ፣ ፈገግታው የማያልቅበት ሰው ነው። ኤደን ብዙ ዓመት ስለኖረ ዐረብኛ ይናገራል፤ እየሰባበረ። ከዐብዱሰመድ ጋር የሚግባቡት በሱ ነው። ሚስቱ ማዳም ኦካዳ ከሀገሯ ቋንቋ ሌላ ትንሽ እንግሊዝኛ ብቻ ታውቃለች። የእኔም ከዚያ አይበልጥ። ሁለት ሴቶች በሁለት ትንሽ እንግሊዝኛ ቀኑን ሙሉ አወራን!

መጀመሪያ ወደቡን ዞርን። ከጁገል ግንብ የሚረዝም መርከብ አየሁ። ሰዐዲያ "ይሄ እንዴት አይሰምጥም?" ስትለኝ መምህርነቴን ረስቼ አፌን ከፍቼ ቀረሁ። ኡማ ጥግ ይዘው፣ በሁለት እጃቸው እንጨቱን ጨብጠው፣ ያለማቋረጥ ዱዓ። ዐይናቸውን የገለጡት አንዲት ደሴት ላይ ስንደርስ ነው።

ነጭ አሸዋ። ውሃው ዳር ዳሩን እንደ ጠርሙስ አረንጓዴ፣ ራቅ ሲል ሰማያዊ። ሰዐዲያ ዛጎል ስትለቅም ባሕሩ አንድ እግር ጫማዋን ወሰደባት። ኡማ ሱሪያቸውን ሰብሰብ አድርገው እስከ ቁርጭምጭሚታቸው ገቡ። ጎንበስ ብለው በጣታቸው ቀመሱት።

"ጅዳ በየት በኩል ነው?"

ኦካዳ ወደ ሰሜን ጠቆማቸው። ረጅም ጊዜ ዐዩ።

"እርጥብ መንገድ ነው እንጂ ሌላ ምን አለው፣" አሉ። "ከእንግዲህ አልፈራውም።"

ያን ጊዜ ዐብዱሰመድን ወደድኩት። አሥራ ሁለት ዓመት ባሌ ነው፤ እንዲህ የወደድኩበትን ቀን በጣት እቆጥራለሁ። እናቱን ባሕር ያሳየ ሰው...

ቤታቸው ስንደርስ ጫማ በር ላይ ወለቀ። ወለሉ ላይ ምንጣፍ፣ ዝቅ ያለ ገበታ። ኡማ ፊታቸው በራ። "እንደኛው ናቸው! እነዚህስ ሰው ናቸው።" ድሬዳዋ ዘመድ ቤት ወንበር ላይ ተቀምጠው እግራቸው ይንጠለጠልባቸው የነበሩት ሴት፣ ጃፓን ቤት እንደ ቤታቸው ተደላደሉ።

ጥሬ ዓሣ ቀረበ። ኡማ በትሕትና ገፋ አደረጉት። በሐረሪ ወደኔ፦ "ይሄስ ገና አልሞተም።" የተጠበሱ ትንንሽ ዓሦች መጡ፤ እነሱን በሉ። ከዚያ ትልልቅ ጎድጓዳ ሳህን። ነጭ ሾርባ፣ ወተት የመሰለ። ውስጡ ወፍራም ፓስታ፣ ጥቅል ጎመን፣ ስስ የዓሣ ቁራጭ፣ ሽሪምፕ፣ ስሙን የማላውቀው ባለ ብዙ እግር የባሕር ነገር። ቻምፖን ይባላል አለችኝ ማዳም። የትውልድ ከተማዬ ምግብ ነው፤ የናጋሳኪ።

ናጋሳኪ... በልጅነቴ በራዲዮ የሰማሁት ስም። ያኔ አንቺ የት ነበርሽ ልላት ፈልጌ ተውኩት። ሾርባውን ስትቀዳ እጇ እንዴት ይጠነቀቅ ነበር።

"ምን አለበት?" አሉ ኡማ።

"ከባሕር ነው እማ። ሁሉም ከባሕር ነው፣" አለ ዐብዱሰመድ።

ኡማ ጥርሳቸው ስለረገፈ ሥጋ ከተዉ ቆይተዋል። ይሄ ግን ማኘክ አይፈልግም። ባለቤቶቹ ሲያደርጉ ዐይተው ሳህኑን በሁለት እጃቸው አንሥተው ፉት አሉት። አንድ ጨርሰው ሁለተኛ። ማዳም ኦካዳ ደስታዋ ዕንባ ሊሆን ትንሽ ቀረው። እኔም ጨረስኩ፤ እንዲህ የጣመኝ ነገር አላስታውስም።

አንድ ነገር ብቻ። ዐብዱሰመድ ቢስሚላህ ሳይል ጀመረ። ውሃ ሲጠጣ እንኳ ጮክ ብሎ የሚል ሰው። ረስቶት ነው? እንግዳ ቤት ሆኖበት?

ረቡዕ፣ ኅዳር 22

ኡማ የአፎቻ ጓደኞቻቸውን፣ የሰፈሩን የሴቶች ማኅበር፣ በዚያ ሾርባ አደነቆሯቸው። "የባሕር ሾርባ" ብለው ስም አውጥተውለታል። አንዴ ወተት ነው ይላሉ፣ አንዴ የዛጎል ዕንባ። ረመዳን ሲገባ በዚህ ነው የማስፈጥራችሁ ብለው ቃል ገብተዋል።

ዐብዱሰመድን አሠራሩን አስመጣልኝ አሉት።

"ቅመሙ እዚህ አይገኝም።"

"አንተ ስለ ቅመም ምን ታውቃለህ?"

"ተዪው በቃ እማ።"

ፊቱ ጥቁር አለ። ምን ሆኖ ነው? እኔ ግን ዘዴ አለኝ። ለማዳም ኦካዳ በእንግሊዝኛ ጻፍኩ። ለኡማ በድብቅ ላበስልላቸው። መልሱ በትምህርት ቤታችን ፖስታ ሣጥን ይምጣ ብያለሁ።

ዓርብ፣ ታኅሣሥ 8

ደብዳቤው መጣ። ዛሬ መጻፍ አልችልም።

ቅዳሜ፣ ታኅሣሥ 9

አምስት ጊዜ አነበብኩት። እያንዳንዱ ቃል የማውቀው ቃል ነው። ባላውቀው በተሻለኝ።

ቢሮአቸው ያለ ጸሐፊ ጽፎላት ነው መሰለኝ፣ በጥሩ እንግሊዝኛ ነው። እንዲህ ይላል። ሾርባውን ስለወደዳችሁት ተደስተናል። አማትዎ ሳህኑን ሲያነሡ እናቴን አስታወሱኝ። አሠራሩ ከባድ አይደለም፤ ትዕግሥት ብቻ ነው። የአሳማ አጥንት ከጠዋት እስከ ማታ ይቀቀላል፤ ውሃው ነጭ የሚሆነው ለዚያ ነው። የአሳማ ሥጋ በቀጭኑ ተቆርጦ ከጎመኑ ጋር ይጠበሳል። የባሕሩ ነገር መጨረሻ ላይ ይገባል። በሐረር አሳማ እንዴት እንደምታገኙ አላውቅም፤ ባለቤትዎ ያውቁ ይሆናል። እሳቸውማ ሁልጊዜ ሁለት ሳህን ነው የሚበሉት። ከአራት ዓመት በፊት ባሌ ሙስሊም ናችሁ ሲባል ሰምቶ ተጨንቆ ጠይቋቸው ነበር። በቤታችን ሁሉም ሰው ይበላዋል ስላሉን ሐሳባችን ዐረፈ...

እነዚህ ሰዎች ጠይቀዋል። የእኛ ያልሆኑት ጠይቀዋል! የእኛው ነው የመለሰላቸው።

ትናንት በመምህራን ክፍል በለጡ ፊቴን ዐይታ በሩን ዘጋች። አነበብኩላት። አፏን በነጠላዋ ያዘች።

"እኛም እኮ አንነካውም፣" አለች። ከዚያ፦ "እማማ ቡሽራስ?"

"ሁለት ሳህን።"

 ቁጭ ብላ እጄን ያዘችኝ፤ ደወል እስኪደወል።

እሑድ፣ ታኅሣሥ 10

ኡማ አፎቻ ሄዱ። ሰዐዲያን ጎረቤት ላክኋት። ደብዳቤውን አወጣሁ። ዐብዱሰመድ እንግሊዝኛ ስለማያነብ ወደ ሐረሪ እየመለስኩ አነበብኩለት፤ ቃል በቃል፣ እንደ ተማሪ።

"አሳማ" ስል ወደ በሩ ዐየ። አልደነገጠም። ሰው ይሰማ እንደሆነ ነው ያየው። እስከዚያች ደቂቃ ድረስ እኔ ሞኟ፣ ስሕተት ነው፣ ጸሐፊው ተሳስቶ ነው ይላል ብዬ እጠብቅ ነበር።

"የመጀመሪያ ቀን አላወቅኩም፣ ወላሂ። ከበላሁ በኋላ ነው ኦካዳ የጠየቀኝ። ሰውዬው ሲጨነቅ ዐይቼ አፈርኩ። እንበላለን አልኩት።"

"ከዚያስ?"

"ከዚያማ እንዴት ይባላል? ዋሽቼህ ነበር ልበለው?"

"አራት ዓመት?"

ኮፊያውን አውልቆ ጉልበቱ ላይ አደረገ።

"እኔስ? ልጅህስ? እናትህ ምን አለበት ብላ ጠይቃሃለች እኮ። እኔ እዚያው ነበርኩ።"

"ሳያውቅ የበላ ሰው ኃጢአት የለበትም። ዑለማዎቹን ጠይቂ። ኃጢአቱ የእኔ ነው፤ እኔ ነኝ የምሸከመው።"

ይህን ሲል ድምፁ የጀግና ነበር! ለካ ውለታ ውሎልናል፤ እኛ ነን ያላመሰገንነው። ሳቄ መጣ። ሳቁ ወዲያው ወደ ለቅሶ ተለወጠብኝ፤ እሱ ፊት ማልቀስ አልፈለግኩም ነበር።

ቢስሚላህ ያላለው ረስቶ አይደለም። በሐራም ላይ የአላህን ስም ላለመጥራት ተጠንቅቋል። ለአላህ ተጠነቀቀ፤ ለእኛ አልተጠነቀቀም። እናቱ ግን ብላለች፤ እኔም ብያለሁ። ልጄም ጮክ ብላ፣ በዚያ ቀጭን ድምፅዋ...

ሲወጣ በሩ ላይ ዞሮ፦ "ለእማ እንዳትነግሪያት። ሐጇን ታበላሽባታለሽ።"

እኔ ነኝ የማበላሽባቸው?

ማክሰኞ፣ ታኅሣሥ 12

ደግሞ ልክ ነው። እዚህ ላይ ልክ መሆኑ ነው የሚያቃጥለኝ። ብነግራቸው ካዕባ ፊት ቆመው የሚያስቡት ያንን ሳህን ነው። አልነግራቸውም። አሁን እኔም ከሱ ጋር ነኝ ማለት ነው?

ረቡዕ፣ ታኅሣሥ 27

ረመዳን ከገባ ሁለተኛ ሳምንቱ። ኡማ ሾርባውን መተው እምቢ ስላሉ ዋሸሁ። አሠራሩ መጣልኝ አልኩ። ከራሴ የፈጠርኩትን አነበብኩላቸው፤ የፍየል አጥንት፣ ወተት፣ ከጅቡቲ የመጣ ደረቅ ዓሣ፣ መኮሮኒ።

ከዙህር፣ ከቀትሩ ሶላት፣ ጀምረው እሳት ዳር ቆሙ። ጾመኛ አይቀምስም፤ በማሽተት ብቻ ነው የሠሩት። አፎቻዎቻቸው ስምንት ሆነው መጡ። አዛን ሲል በቴምር አፈጠሩ፤ ከዚያ ሳህኖቹ ዞሩ። ወተቱ ተቆራርጦ ነበር። ዓሣው ይሸታል። ሴቶቹ በጨዋ ደንብ "ማሻአላህ" አሉ፤ ማንኪያቸው ግን አልተመለሰም። ዐብዱሰመድ ዛሬ የማፈጥረው ከወንዶች ጋር ነው ብሎ ከቤት ወጥቶ ነበር።

ኡማ አንዴ ቀመሱ። ሳህኑን አስቀመጡ። እንግዶቹ ለተራዊሕ ሶላት ሲወጡ ጠብቀው ጠሩኝ።

"ይሄ አይደለም።"

"ዕቃው ስላልተገኘ..."

"አንድ ነገር አስቀርተሻል ሐዲያ። ስታነቢልኝ ዐይንሽ ወረቀቱ ላይ አልነበረም።"

ሳህኖቹን መደራረብ ጀመርኩ።

"ሙሽራ ሆነሽ ስትመጪ ስፌት አታውቂም ነበር። የእናቴን ጥለት፣ የአያቴን ጥለት አሳየሁሽ። ለገዛ እህቴ ያላሳየሁትን። አንድም አላስቀረሁብሽም። አንቺ ሾርባ ታስቀሪብኛለሽ?"

ሌላ ቢሉኝ እችለው ነበር።

ዓርብ፣ ጥር 20

ኡማ ስፌት ይዘው ሲቀመጡ አጠገባቸው ስቀመጥ፣ አለላ ረሳሁ ብለው ይነሣሉ። አይመለሱም። ሰላምታ አለ፣ ሳህን መቀባበል አለ። "ልጄ" ማለት ቀርቷል። ዐብዱሰመድ ያያል። ገበታ ላይ መሐላችን ተቀምጦ ያየናል፤ ይጎርሳል። ጤንነቱ አልተጓደለም።

እሑድ፣ የካቲት 27

ነገ ኡማ ይነሣሉ። ዛሬ ቤቱ ከጠዋት ጀምሮ ሞላ። ሐጅ የሚሄድ ሰው የሚያውቀውን ሁሉ አፉ በሉኝ ብሎ፣ አፉ ብሎ ነው የሚወጣው። ቂም ይዞ ወደዚያ አይኬድም። ከኤረር በር የመጡ የድሮ ጎረቤታቸው፣ ለሰባት ዓመት በግንብ ጉዳይ ያልተነጋገሩ፣ እግራቸው ሥር ወድቀው ተላቀሱ።

ዐብዱሰመድ ተራው ደረሰ። ተንበረከከ። ጉልበታቸውን ሳመ።

"አፉ በይኝ እማ።"

"ለምኑ ልጄ?"

"ለሁሉም። ለማውቀውም ለማላውቀውም።"

"ከሆዴ ከወጣህ ጀምሮ ያደረግከውን ሁሉ አፉ ብያለሁ።"

ይኸው። በሁለት ቃል ተጣጠበ። "ለማውቀውም" ሲል እንኳ ድምፁ አልተሰነጠቀም። እንዲህ ቀላል ነው ለካ!

እኔም ተንበረከክሁ። ክፍሉ ውስጥ አፎቻዎቹ ሁሉ ነበሩ። ኡማ እጃቸውን ራሴ ላይ አድርገው፣ ዝግ ብለው፦

"አንቺስ? የደበቅሽኝ አለ?"

ቀና ብዬ ዐብዱሰመድን አየሁት። ወለሉን ያያል። እኔ ነኝ፣ እሷ አይደለችም፣ ለማለት ጊዜ ነበረው። ብዙ ጊዜ ነበረው። ሴቶቹ ማሳል እስኪጀምሩ ድረስ ጠበቅኩት።

"አለ፣" አልኩ። "ከሾርባው ያስቀረሁት ነገር አለ። ሆን ብዬ ነው።"

"ለምን?"

"ቅናት ነው ኡማ። አፉ ይበሉኝ።"

አንዷ ሴት ምላሷን በጥርሷ አሰማች። ኡማ ግን ጎትተው አነሡኝ። ጉንጬን ሳሙኝ፤ ዕንባቸው ፊቴን አረጠበው።

"ስሙኝ፣" አሉ ለሁሉም። "ልጄ ከተወለደ ዋሽቶኝ አያውቅም። ምራቴ ደግሞ ብትደብቀኝም በሰው ፊት ተናገረች። አላህ ሁለቱንም ይባርክልኝ።"

"አሚን፣" አለ ዐብዱሰመድ።

ጮክ ብሎ ነው ያለው። ከሁሉም ድምፅ የሱ ጎልቶ ተሰማኝ። ቅናተኛ መባሌን እረሳው ይሆናል፤ ያቺን አሚን ግን አልረሳትም።

ሐሙስ፣ መጋቢት 1

ከሱቁ አራት ሜትር ሐር አመጣልኝ። የጃፓን። "ላደረግሽልኝ፣" አለ። ምን እንዳደረግኩለት ለመናገር ቃሉ የለውም፤ ሜትር ግን አለው። እንደታጠፈ ሣጥኑ ላይ ተቀምጧል።

አብሬው መብላት ትቻለሁ። ሳቀርብለት ሥራ አለኝ እላለሁ። ሰዐዲያ ከሱ ጋር ትበላለች፤ እኔ ኋላ ብቻዬን። ምን እንደሠራሁ አይጠይቀኝም። እጄን ያምናል። እኔስ የማንን እጅ ልመን?

እሑድ፣ መጋቢት 25

ኢዱ ሦስተኛ ቀኑ። ከሐጃጆቹ ደህና ነን የሚል ቴሌግራም መጥቷል፤ አልሐምዱሊላህ። ዐብዱሰመድ ደስ ብሎት ዛሬ ብዙ ተናገረ። ኡማን ለመቀበል ጅቡቲ ይወርዳል። ባቡሩ በማግስቱ ስለሆነ ኦካዳ ቤት ያሳርፋቸዋል።

"ሚስቱም ያንን ሾርባ..." ብሎ ዐረፈ።

"ምን?"

"ማለቴ፣ እነግራቸዋለሁ። ያንን እንዳያስገቡበት።"

"ትነግራቸዋለህ?"

"እነግራቸዋለሁ አልኩሽ እኮ።"

ዐይኑ ግን በሩ ላይ ነበር። ያንን ዐይን ዐውቀዋለሁ። ኦካዳ ፊት ሲቀመጥ ደግሞ ያፍራል። ከሐጅ የተመለሱ ሴት፣ ዘምዘም የጠጡ አፍ... ሌላ ጊዜ ይሁን፣ ይህን አንዴ ይለፍ፣ ይላል። አንዴ የሚባለው ነገር እኮ አራት ዓመት ሆኖታል።

ሰኞ፣ መጋቢት 26

ጠዋት ትምህርት ሳይጀመር ጻፍኩ። በራሴ እንግሊዝኛ፣ አጭር። ውድ ማዳም ኦካዳ፤ በቤታችን አሳማ አይበላም። አማቴ፣ እኔና ልጄ ሳናውቅ በላን። እናንተ ጠይቃችኋል፤ ጥፋቱ የእናንተ አይደለም። አማቴ ከሐጅ ሲመለሱ ዓሣና ሩዝ ይበቃቸዋል። ለእሳቸው አትንገሯቸው።

ስለ ዐብዱሰመድ አንድ ቃል አልጻፍኩም። መጻፍ አላስፈለገም። ፖስታ ቤቱ ድረስ በለጡ አብራኝ ሄደች። እናቱንና ልጁን የሰጠው ኦካዳ ፊት ላለማፈር ነበር። አሁን ማፈሩ አይቀርለትም። ደስ ይለኛል ብዬ ነበር፤ አላለኝም።

ለሱ አልነገርኩትም።

ረቡዕ፣ ሚያዝያ 12

ኡማ ገቡ። ሐጃ ቡሽራ ልበላቸው። ከስተዋል፣ ጠቁረዋል፣ ግን ፊታቸው... እንዲህ ያለ ፊት አይቼ አላውቅም። ከጠዋት ጀምሮ ሰው ሲሳለማቸው ዋለ። ሁሉም ለከሰዓት በኋላው የዐስር ሶላት ሲወጣ አራታችን ብቻ ቀረን። ዐብዱሰመድ ከመጣ ጀምሮ ወደኔ አላየም፤ ከሰላምታ በቀር አንድ ቃል የለም። ደርሶታል ማለት ነው፤ ደብዳቤዬ።

ኡማ ራሳቸው ጀመሩት። እግራቸውን ዘርግተው፣ ሰዐዲያ እያሸችላቸው።

"እነዚያ ጃፓኖች ምን ሆነው ነው? ገና ከበሩ ስገባ ሴትዮዋ ወለሉ ላይ ተደፋች። ግንባሯ ምንጣፉን እስኪነካ። ባሏም ከጎኗ እንደሷ። ለረጅም ጊዜ አልተነሡም። ትናገራለች፣ ታለቅሳለች።"

"ምን አለች?" አለች ሰዐዲያ።

"አባትሽን ጠየቅኩት። እንኳን ለሐጅ አበቃዎት ማለታቸው ነው፣ ልማዳቸው ነው አለኝ። እኔም ዘምዘም ሰጠኋት። ይባስ አለቀሰች። ዓሣና ሩዝ በላን። ያንን ነጩን የለሽም ወይ ብላት፣ ከክፍሉ ወጥታ ሄደች።"

እግራቸውን ሰበሰቡ። አለላ ሲመርጡ እንደሚያደርጉት ዐይናቸውን አጠበቡ፤ ዐውቀዋለሁ።

"እኔ ብዙ ሰው ሲያለቅስ ዐይቻለሁ፣" አሉ። "የደስታም፣ የሐዘንም። ካዕባ ዙሪያ ያለቀሰው አፉ በሉኝ የሚል ሰው ነው። ያቺ ሴት ለቅሶዋ እንደዚያ ነበር። እኔን ምን አድርጋኝ ነው?" ወደኔ ዞሩ። "ሐዲያ፣ አንቺ ከሷ ጋር ተጻጽፈሻል። ምንድን ነው?"

ዐብዱሰመድ ያኔ ነው ያየኝ። ከጅቡቲ ከተመለሰ ለመጀመሪያ ጊዜ። ምን እንደሚል ዐውቃለሁ፤ አንድ ጊዜ ብቻ፣ ይህን ብቻ አሳልፊልኝ። በየካቲት ያሳለፍኩለትን ዓይነት።

ሐጃቸው ግን ተፈጽሟል። እጠብቅላቸው የነበረው እሱን ነው። ከእንግዲህ ብደብቅ የምጠብቀው ዐብዱሰመድን ብቻ ይሆናል።

"ልጅዎ ያውቃል፣" አልኳቸው። "እሱን ይጠይቁት።"

ተነሣሁ። ሰዐዲያን እጇን ይዤ ወጣሁ፤ በሩን ከኋላዬ ሳብኩት። ግቢው ውስጥ ፀሐይ ነበር። ልጄ "ምን አጠፋሁ?" አለችኝ። ምንም አልኳት፤ አንቺ ምንም አላጠፋሽም።

ከውስጥ ድምፅ እስኪመጣ በሩ አጠገብ ቆምን። ከዚያ ኡማ፣ ሳይጮኹ፣ ልጅ እንደሚያባብል ሰው፦

"ዐብዱሰመድ፣ ምን አብልተኸኛል?"